ያልተሰጠኝ ስኳር

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ገደማ ነበር። የሸሚዝ ኮሌታ ስፌት እየመረመርኩ ሳለ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ የተዘለለ ስፌት፣ የተጣመመ ኪስ፣ ቦታውን የሳተ ቁልፍ መፈለግ ነው። ስሕተት ያለበት ሸሚዝ ላይ የምንለጥፋትን ትንሽ ቀይ ወረቀት ላላቅቅ ብሞክር ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ልቤ ዳገት የወጣሁ ይመስል ይደልቃል። ከሻርፔ ሥር ላብ ይወርዳል።

አጠገቤ የምትሠራው ዘሃራ አየችኝ። ምንም ሳትጠይቅ ከኪሷ ከረሜላ አውጥታ ወረቀቱን በጥርሷ ቀደደችና አፌ ውስጥ ከተተችው።

«ምጠጪው። ስኳርሽ ወርዷል» አለች። «ደግሞ ይህን ሁሉ ሸሚዝ እኔ ላይ ጥለሽ እንዳትወድቂ።»

ዘሃራን ማንም ሊወቅሳት አይችልም። የስኳር በሽታ አለብኝ። የያዘኝ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ። ኢንሱሊን በደም ውስጥ ያለውን ስኳር ወደ ሰውነት ሕዋሳት የሚያስገባው ነገር ነው። የእኔ ቆሽት ማምረቱን ስላቆመ በመርፌ እተካዋለሁ። መርፌው ከምግቡ ከበለጠ ስኳር ይወርዳል፤ ሰው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ቶሎ ጣፋጭ ካልቀመሰ ራሱን ይስታል። ይህን ለሥራ ጓደኞቼ በምሳ ሰዓት ቆሜ ያስተማርኳቸው እኔው ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር ሞት የሚመስለኝ ሴት። ስለዚህ ዘሃራ የተማረችውን ነው ያደረገችው። የዚያን ቀን እጄ የተንቀጠቀጠው ግን በሌላ ምክንያት ነው። ያንን ምክንያት እስካውቅ ድረስ የደረሰብኝን፣ ካወቅኩም በኋላ አንድ ሐኪም ያደረሰብኝን ነው የምጽፈው። ለሌሎች ትምህርት ይሆናል ብዬ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ እሱ እንዲያነበው ነው። ስሙን አልጠራም። ኮምቦልቻ ትንሽ ከተማ ናት።

መንቀጥቀጡ ከዚያ ቀን በኋላ ተመላለሰብኝ። በሄድኩበት ሁሉ ከረሜላ ይጠብቀኛል። ዘሃራ በኪሷ፣ እናቴ በቦርሳዬ፣ ጎረቤት በእጁ። ሲያንቀጠቅጠኝ እማ ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣኛለች። በመለኪያው ጣቴን ወግቼ ሳየው ግን ስኳሬ ከፍተኛ ነው። ለሁለት ሰው የሚበቃ እየበላሁ ቀሚሴ ሰፋኝ። ሌሊት ልቤ ትራሱ ውስጥ ያለ ይመስል ምቱ ይሰማኛል፤ ይቆማል ብዬ እየፈራሁ እየቆጠርኩት ነው የሚነጋው። በዚህ መካከል ሰፈሩ በሙሉ «ማሻአላህ፣ ዓይንሽ እንዴት አምሯል» ይለኛል። ዓይኔ ጎልቶ ነበር። እኔም በመስታወት አይቼ ደስ ብሎኛል፤ ከዚያ ሁሉ ክሳት መሐል አንድ ያማረ ነገር ተገኘ ብዬ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ክሊኒክ ታይፎይድ አለኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ያመመው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ታይፎይድ ይባላል፤ ክኒኑን ጨርሼ ዋጥኩት። ሁለተኛው «ጭንቀት ነው፣ ያላገቡ ሴቶች ላይ ይበዛል» አለኝ። ከደጋን ሊጠይቁኝ የመጡት አክስቴ ደግሞ አንዴ አዩኝና «ዓይነ ናስ ነው፤ ደመወዝ ስትበይ ያየ ሁሉ ዓይኑን ጥሎብሻል» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። ከሦስቱ የማልቀየመው አክስቴን ነው። ቢያንስ እጄን ይዘው ተቀምጠዋል።

በመጨረሻ አባ ወደ ራሳችን ሐኪም ወሰደኝ። ስኳሬን ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚከታተለው እሱ ነው፤ ክሊኒኩም የራሱ ነው፤ አባ «ዶክተሩ ካለ አለቀ» የሚልለት ሰው ነው። የምርመራ ክፍሉን ወረፋ ከሚጠበቅበት ቦታ የሚለየው ቺፑድ ነው፤ በሩም የዚያን ቀን ገርበብ ብሎ ነበር። ውጭ ያሉት ሰዎች ሲያስሉ ይሰማኝ ነበርና እነሱም እኛን ይሰሙናል።

«በቀን ስንት ከረሜላ ነው የምትበዪው?» አለኝ፣ የስኳሬን ልክ እያየ።

«ሲያንቀጠቅጠኝ ብቻ ነው፣ ዶክተር።»

«ሲያንቀጠቅጥሽ ለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አዎ። ከፍተኛ ነው። የመጣሁትም ለዚህ ነው። ስኳሬ ከፍ ብሎ ለምን እንደሚያንቀጠቅጠኝ…»

አላስጨረሰኝም። ወደ አባ ዞሮ ሳቀ። «አዩ አቶ ይማም? እነዚህ ልጆች ሁሉም እንዲህ ናቸው። ጣፋጭ ያምራቸዋል፣ ይሰርቃሉ፣ ሲያዙ ‹አንቀጠቀጠኝ› ይላሉ። ልጅዎ ትሰርቃለች። ስኳሩን ይቆልፉባት።»

ከቺፑዱ ወዲያ የሚያስለው ሰው ዝም አለ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች።

ዓይን አፋር ሰው ሲሰደብ መልሱ የሚመጣለት ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ስወጣ ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ፤ ከመካከላቸው የሰፈራችንን ሰው ላለማየት እግሬን እያየሁ ወጣሁ። ዶክተሩ ኢንሱሊኑን ጨምሮልኝ ነበር። አባ እቤት እንደገባን የስኳሩን ጣሳ ልብስ ከሚያስቀምጥበት ሳጥን ከተተና ቆለፈበት። አባ ጨካኝ ሰው አይደለም። ግን የሐኪም ቃል እሱ ዘንድ ለድርድር አይቀርብም።

እማ ባታምንም አልተከራከረችም። ዝም ብላ ከአባ ተደብቃ ጥቂት ስኳር በጨው ዕቃው ውስጥ በላስቲክ ቋጥራ አስቀመጠች። በቤታችን ስኳር የሰረቀ ሰው ካለ እማ ናት።

እኔ ግን ዕረፍት አጣሁ። ሥራዬ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር፣ ስፌቱ ልክ ሆኖ ሸሚዙ ከተጣመመ ጥፋቱ ሌላ ቦታ መሆኑን ነው። ልኩ ከፍ ያለ ነው፤ ምልክቱ የወረደ ስኳር ምልክት ነው። ሁለቱ አይገጥሙም። ስለዚህ አንድ ቀን ፈቃድ ወስጄ፣ ለአባ ሳንነግረው፣ ከእማ ጋር ደሴ ወጣሁ።

ሚኒባሱ ዳገቱን እየዞረ ሲወጣ ጭጋግ ተቀበለን። ተሳፋሪው ጃኬቱን ይደርባል፤ እኔ መስኮት ከፈትኩ።

«እህት፣ ዝጊልን እንጂ፣ ደሴ እየገባን ነው» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው።

«ይሞቀኛል።»

«ይሞቀኛል ትላለች።»

ጎኔ የነበሩት ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው «ተዋት» አሉት። «ልጄ፣ ከዚህ ሙቀትሽ ለኔም ቆንጥሪልኝ።» ሰው ሳቀ። እማ አልሳቀችም፤ በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬን ጠረገችው።

ቧንቧ ውሃ በሚባለው የደሴ ሰፈር፣ ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ክሊኒክ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ አረፈድን። ሐኪሟ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ አይመስለኝም። ገና ሳልቀመጥ ዓይኔን አየች። እጄን እንድዘረጋ አደረገችና አንድ ወረቀት ከላዩ አስቀመጠችበት፤ ወረቀቱ ተንሿሿ። ከዚያ «ሻርፕሽን ላንሳው?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ውሃ በብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ስውጥ አንገቴን ተመለከተች።

«ይህ እብጠት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

እማም እኔም አንድ ላይ «የቱ?» አልን። ትንሽ ነው፤ ስውጥ ብቻ ብቅ ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻርፔን አንስቼ እንዳሳይ የጠየቀኝ ሐኪም አልነበረም።

«እንቅርት» አለች እማ፣ እጇን አፏ ላይ ጭና። «ያ ረቢ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።»

«ጆሮ ደግፍ እንኳ የለባትም፣ እናቴ» አለች ሐኪሟ። «እንቅርቱ ግን አለ።»

የደሜ ውጤት ሲመጣ ተመልሰን ሄድን። ምን እንደምሠራ ጠየቀችኝና ስነግራት «እንግዲያው አይከብድሽም» ብላ አስረዳችኝ። አንገት ላይ ያለው እጢ፣ ታይሮይድ የሚሉት፣ የሚያመነጨው ሆርሞን በሰውነት ውስጥ ያለውን ማሽን ሁሉ ፍጥነት የሚወስን ነው። ሲበዛ ሁሉም ያለ ልክ ይሮጣል፤ ልብ፣ አንጀት፣ እጅ። ጉበት ያጠራቀመውን ስኳር ወደ ደም ይለቃል። በመርፌ የገባው ኢንሱሊን ደግሞ ከወትሮው ፈጥኖ ይሰባበራል።

«ስለዚህ ስኳሬ ከፍ ያለው…»

«ከረሜላው ትንሽ ረድቶት ይሆናል። ዋናው ግን እጢው ነው።»

«አልሰረቅኩም» አልኳት። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። እማ ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሁለት ዓይነት ክኒን አዘዘችልኝ። አንደኛው እጢው ሆርሞን እንዳያመርት የሚያግደው ነው፤ ግን ቀድሞ ተመርቶ የተከማቸው እስኪያልቅ ሳምንታት ይወስዳል። ሁለተኛው፣ ፕሮፕራኖሎል የሚባለው፣ እስከዚያ ድረስ የልቤን ምትና የእጄን መንቀጥቀጥ የሚያረጋጋ ነው። ከዚያ ቀጥላ የተናገረችውን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። አንደኛ፣ ሆርሞኑ ሲቀንስ ዛሬ የሚያስፈልገኝ ኢንሱሊን ነገ ይበዛብኛል፤ በየጊዜው እየተለካ መቀነስ አለበት። ሁለተኛ፣ ይህ የሚያረጋጋኝ ክኒን ስኳሬ በእውነት ሲወርድ የሚመጣውን መንቀጥቀጥም ይደብቀዋል። የማይደብቀው ላብን ነው።

«በየሳምንቱ ደሴ መመላለስ ስለማትችዪ ይህንን ለኮምቦልቻው ሐኪምሽ ንገሪው» አለችኝ። «እሱ ይቀንስልሻል።»

ነገርኩት። ልብ በሉ፣ ነገርኩት። እጄ ረግቶ፣ ክብደቴ መመለስ ሲጀምር፣ የስኳር መለኪያው ላይ የሚሰካው ስትሪፕ ከፋርማሲዎች ጠፍቶ ስለነበር ክሊኒኩ ሄጄ ተለካሁ። ልኩ ጥሩ ነበር። ሁለቱንም ክኒኖች አሳየሁት፣ የደሴዋ ሐኪም ያለችውን ቃል በቃል ነገርኩት። ድምፄ ትንሽ ነው፤ ግን ሰምቶኛል፤ ምክንያቱም መለሰልኝ።

«እዚህ የማክምሽ እኔ ነኝ ወይስ እሷ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ስኳርሽ አሁን ገና ተስተካከለ። የተስተካከለውም ስለተቆለፈብሽ ነው። የሚሠራ መድኃኒት አይነካም። አብሽሪ።»

አብሽሪ በኛ አገር ደግ ቃል ነው። አይዞሽ፣ ልብሽ ይረጋጋ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ቃል ስሰማ ጥርሴን እነክሳለሁ። አባም ሳጥኑን እንደቆለፈ ቀረ።

እሑድ ነበር። አባ ለቅሶ ሊደርስ ሐርቡ ሄዷል። ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጣጠፍኩ ሳለ እጅጌው የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። ሸሚዝ መርምሬ የምበላ ሴት እጅጌና ኮሌታ መለየት አቃተኝ። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ እማ ናት።

በላብ ተጠምቄ አገኘችኝ። ስታናግረኝ ምላሴ ተኮላተፈ። ስትሪፑ ገና አልተገኘምና ልትለካኝ አልቻለችም፤ ወዲያው ከጨው ዕቃው ላስቲኩን አውጥታ ስኳር በኩባያ በጠበጠች። ልታጠጣኝ ስትል ግን ፈራች። ከረሜላው ነው ያባባሰብሽ ሲባል ከርሟል፤ ትሰርቃለች ተብሎ ተቆልፎብኛል። ስለዚህ ኩባያውን በአንድ እጇ፣ ስልኩን በሌላው ይዛ ለዶክተሩ ደወለች።

«ዶክተር፣ ልጄ አልቧታል፣ አነጋገሯም ጠፍቷል። ስኳር በጥብጫለሁ፣ ልስጣት?»

«እጇ ይንቀጠቀጣል?»

«አይ። አይንቀጠቀጥም።»

«ካልተንቀጠቀጠች ስኳሯ አልወረደም። ላቡ የእንቅርቱ ነው። እንዳይሰጧት። ትተኛ፣ ተኝታ ስትነሣ ይሻላታል። አብሽሩ።»

እማ ኩባያውን ይዛ ወጥታ ግቢው ውስጥ ደፋችው። ተመልሳ አጠገቤ ተቀመጠች። በበሩ በኩል ጉንዳን ስኳሩ ላይ ሲሰበሰብ ይታያት ነበር አለችኝ። ያ ሁሉ ጉንዳን እስኪሰበሰብ ድረስ ተቀምጣለች። ስትጠራኝ መመለስ ሳቆም ነው የጮኸችው።

ጩኸቷን የሰሙት ጎረቤታችን እትዬ ሣራ ናቸው። ባለቤታቸው ባጃጅ አለው፤ ጭነውኝ ሄዱ። እትዬ ሣራ ፕሮቴስታንት ናቸው። ባጃጁ ውስጥ እሳቸው በአንድ ጎን በኢየሱስ ስም ይጸልያሉ፣ እማ በሌላው ጎን «ያ አላህ፣ ያ አላህ» ትላለች፤ ባልየው መንገድ ሲዘጋበት ሁለቱንም «ጮክ በሉ» ይላቸዋል አሉ። ሆስፒታል ጣቴን የወጋችው ነርስ የመለኪያውን ቁጥር አይታ ሮጠች። ግሉኮስ በደም ሥሬ ገባ። ዓይኔን ስገልጥ የማላውቃት አንዲት ሴት፣ የጎን በሽተኛ አስታማሚ፣ የረጠበውን ፀጉሬን በሻርፔ እየሸፈነችልኝ ነበር፤ ሐኪሞቹ ሲሯሯጡ ተገልጦ ሰው እንዳያየኝ ብላ። ስሟን አልጠየቅኳትም። አላህ ይስጣት።

እማ ግድግዳው ጥግ ቆማ ነበር። አልቀረበችኝም። «ደፋሁት» አለች። «ስሙኝ፣ በጄ ይዤው ነበር፣ ደፋሁት።» ለኔ አልነበረም የምትናገረው፤ ለነርሷም፣ ለእትዬ ሣራም፣ ለሚያልፈው ሁሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ ሻይዋን ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው።

አባ ከሐርቡ ሲደርስ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አልጋዬ ላይ አስቀመጠው። «አፉ በይኝ ልጄ» አለኝ። እኛ ዘንድ አፉ በይኝ ማለት ይቅር በይኝ ማለት ነው፤ ከልብ ለጠየቀ ሰው አይከለከልም። ቃሉን ሳይጨርስ አፉ አልኩት።

የደሴዋ ሐኪም ኢንሱሊኔን ደረጃ በደረጃ ወደ ግማሽ ገደማ አወረደችው፤ በየሳምንቱ በስልክ ልኬን እየጠየቀች። አሁን ልቤ በቦታው ነው። ዓይኔም ወደ ቀድሞው እየተመለሰ ነው፤ ካሁን በኋላ አምሯል የሚለኝ ባይኖር ደስ ይለኛል። እንደኔ ኢንሱሊን የምትወጉ ካላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ሲያንቀጠቅጣችሁ ጣታችሁን ለኩ። ከተለካ በኋላ ምልክቱና ቁጥሩ ካልገጠመ፣ እስኪገጥም ድረስ ጠይቁ። የእጢ መድኃኒት ጀምራችሁ ከሆነ ኢንሱሊኑን ማን እንደሚቀንስላችሁ፣ መቼም እንደሚቀንስላችሁ ሳታውቁ ከሐኪሙ ክፍል አትውጡ፤ በራሳችሁም አትቀንሱ። መለኪያ ከሌለ፣ ሰውየውም መዋጥ ከቻለ፣ ስኳር ስጡት፤ ትንሽ ጊዜ ከፍ ያለ ስኳር አይገድልም፣ የወረደ ግን ጊዜ አይሰጥም። ከእናቴ የበለጠ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

በቀል ኃጢአት ነው ይባላል። ለመተኛት በፈራሁባቸው ሳምንታት ግን ዕረፍት የሰጠኝ እሱ ነው። በሐሳቤ ዶክተሩን አልጋዬ ላይ አስተኝቼ፣ እናቱን ኩባያ አስይዤ አጠገቡ አስቀምጣታለሁ። ደውላ ስትጠይቀኝ «አብሽሪ» እላታለሁ። ይህን በየቀኑ ሳስበው እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

በተግባር ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለዘሃራ ነገርኳት። በምሳ ሰዓት፣ አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። እኔ የምናገረው ለአንድ ሰው ነው፤ ዘሃራ የምትናገረው ለስፌት መሥመሩ ሠራተኛ ሁሉ ነው። ፋብሪካው ውስጥ ያለው ሰው እናት አለው፣ ስኳር ያለበት አጎት አለው። ብዙ ሳይቆይ የዶክተሩ ወረፋ መጠበቂያ ወንበሮች ሳስተዋል ሲባል ሰማሁ። ደስ አለኝ። ይህንንም አልደብቅም።

ረቡዕ ከዐሱር ሶላት በኋላ ዶክተሩ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን መጣ። ከፊት ሐጂ ሙሔ፣ የሰፈራችን አስታራቂ፤ ከሳቸው ጋር አንድ ሌላ ሽማግሌ። ዶክተሩ ጫማውን አውልቆ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠ። ያለ ነጭ ጋዋን ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«ልጄ» አሉ ሐጂ ሙሔ፣ ከዱዓው በኋላ። «ሐኪምም ሰው ነው። ሰው ይሳሳታል። አልሐምዱሊላህ ተርፈሻል። አፉ በይው።»

ሁሉም መልሴን ጠበቀ። እንዲህ ሲጠየቅ እንቢ አይባልም። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣

«ሐጂ፣ ዶክተሩ የሰደቡኝ የት ነበር?» አልኩ።

«የት ነበር?»

«ክሊኒኩ ውስጥ፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ። አፉታውም እዚያው ይሁን።»

«ይቺ ልጅ ሥራዬን ልታዘጋ ነው የፈለገችው» አለ ዶክተሩ ለሽማግሌዎቹ።

«ቤት ውስጥ ተሰድቤ ቢሆን ኖሮ ቤት ውስጥ አፉ እል ነበር።»

ሁለተኛው ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። «ሰውን ሰው ፊት ማዋረድ ነውር አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

«ነው፣ አባቴ። እኔም የምለው እሱን ነው።»

ሐጂ ሙሔ ጺማቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ሳቃቸውን እንደሆነ የገባኝ ትከሻቸው ሲነቃነቅ ነው። «ወላሂ» አሉ፣ «እኔ ስንት ዓመት ሳስታርቅ ኖሬ ስድብ በተነገረበት ይነሣ ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ይማም፣ አንተ ምን ትላለህ?»

አባ ተቆጥቶ ዝም ያሰኘኛል ብዬ ነበር። «ሲሰድባት እኔም እዚያው ክፍል ነበርኩ» አለ። «ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ እሷን ዝም በይ ለማለት አፍ የለኝም።»

እማ በጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ማንም አልጠየቃትም። ዶክተሩ ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። እመጣለሁም፣ እንቢም አላለ። «እናያለን» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት ፈቃድ ወስጄ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ። ከቤት ስወጣ እማ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ካርድ ክፍል ስንደርስ በራሷ ስም ካርድ አወጣች። «ምንሽን ያምሻል?» አልኳት። «ይነገራል» አለችኝ።

ሳስተዋል የተባሉት ወንበሮች ግማሹ ሞልቷል። በሰው መካከል መቀመጥ አልቻልኩም፤ ቆምኩ። ዶክተሩ በሽተኛ ሸኝቶ ሲወጣ አየኝ። ከኔ ኋላ ያለውን ግድግዳ እያየ ሌላ ስም ጠራ፤ የተጠራው ሰው ገባ፣ ወጣ። ሁለተኛ ሲወጣም እዚያው ነበርኩ። በዚህ ጊዜ ሰዉ እኔንና እሱን እያፈራረቀ ማየት ጀምሮ ነበር።

«ግቢ፣ ውስጥ እናውራ» አለኝ።

«እዚሁ ይሻለኛል፣ ዶክተር።»

ጠጋ ብሎ፣ ለኔ ብቻ እንዲሰማ፣ «አፉ በይኝ» አለ።

በሕይወቴ ያን ያህል ድምፅ አውጥቼ አላውቅም። «ከኋላ ያሉት አልሰሙም።»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «ትሰርቃለች ያልኩት ስሕተት ነው። አልሰረቀችም። በሽታዋን ያላወቅኩት እኔ ነኝ። መድኃኒት ይቀነስ ስትለኝም አልሰማኋትም። አፉ በይኝ» አለ።

«የኔን አፉ ብያለሁ» አልኩ። ሲተነፍስ ሰማሁት። ወደ ክፍሉ ሊመለስ እግሩን ሲያነሣ፣ «የእናቴን ግን እሷን ይጠይቋት» አልኩት።

እማ ጥግ ካለው ወንበር ላይ፣ ካርዷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እጆቿን በላዩ አጣምራ ተቀምጣ ነበር። ዶክተሩ ሰዎቹን አልፎ ፊቷ ቆመ። «እናቴ…» አለ።

እማ ቀና ብላ አየችው። «እኔ ወረፋዬ ገና ነው» አለች። «ሲደርሰኝ ገብቼ እነግርዎታለሁ።»

ከጎኗ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ነገሩ ከብዷቸው የራሳቸውን ካርድ ዘረጉላት። «በኔ ተራ ግቢ እንጂ እህቴ፣ እኔ እቆያለሁ።»

«አላህ ይስጥልኝ» አለቻቸው። «አልቸኩልም።»

ዶክተሩ ቆሞ ቀረ። አጠገቧ ባዶ ወንበር ነበር፤ ሄጄ ተቀመጥኩበት።